የእናቴን ሻሽ ላስፈታች ሐኪም

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከአምስት ወር በፊት ነው። ነገር ግን በችኮላ አመስግኖ ኋላ ማፈር አለና የእናቴ ልብ መጽናቷን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ባለፈው ሳምንት የክትትሉ የልብ አልትራሳውንድ ውጤት መጣ፤ አሁን አፌን ሞልቼ ልናገር።

ዶክተሯ ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ አጥብቃ ለምናኛለች፤ ቃሌን እጠብቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትንሽ ክሊኒክ ትሠራለች፤ በግል ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ታናሽ እህቴን ስለምታክል አንቱ ሳልል ብጽፍም አክብሮቴ አንሶ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

እናቴ ደብረ ማርቆስ አካባቢ የምትኖር የ61 ዓመት ሴት ናት። ከዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ጀምሮ መክሳት ጀመረች። የገረመን ነገር፣ እየበላች ነበር የምትከሳው። ከእኛ ሁሉ በላይ ትበላለች፣ ቀሚሷ ግን በየወሩ ይሰፋታል። በዚያ ብርድ ሌሊት ጋቢዋን ገፍታ ትጥላለች። ቡና ስትቀዳ ሲኒው ከረከቦቱ ጋር ሲንቀጫቀጭ እንሰማ ነበር፤ “እርጅና ነው” እያልን እናልፈው ነበር። ጎረቤቶቿ ዓይን ነው አሉ፣ ጠበል ተጠመቀች። በመጨረሻ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ሲላት፣ ተኝታ መተንፈስ አቅቷት ሌሊቱን ግድግዳ ተደግፋ ማደር ስትጀምር፣ ወደ ሐኪም ቤት ይዤያት መሮጥ ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ባልጽፈው በወደድኩ ነበር። የመጀመሪያው ቦታ ጨጓራ ነው ብለው አንድ ፌስታል መድኃኒት ሰጡን። ሁለተኛው ቦታ ጭንቀት ነው፣ ሐሳብ አታብዢ አሏት። ልጆቿን ሁሉ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት በምን ትጨነቅ? ሦስተኛው ቦታ የልብ አልትራሳውንድ ተነሳች፤ አልጋው ላይ ወጥታ እስክትወርድ አምስት ደቂቃ አልሞላም። የሚያነሳት ሰው በአንድ እጁ ስልክ ይዞ ስለ መኪና ሽያጭ ያወራ ነበር። ከዚያ አንድ ወረቀት ተሰጠን፤ ልቧ አብጣለች፣ ቫልቮቿ፣ ማለትም የልቧ በሮች፣ ያፈስሳሉ። “ቫልቩ ተበላሽቷል፣ መቀየር አለበት። ውጭ አገር ውሰዷት” አለኝ ሌላኛው። አነጋገሩ ማዶ ካለው ሱቅ ስኳር ግዛ ያለኝ ያህል ነበር።

ውጭ አገር! ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራው እህቴ ያጠራቀመችውን ሁሉ እልካለሁ አለች። ወንድሜ ሁለቱን የእርሻ በሬዎች ለመሸጥ ዋጋ ማስጠየቅ ጀመረ። እኔ ደግሞ በሥራ ቦታዬ የእርዳታ ማሰባሰቢያ ወረቀት ይዤ ከቢሮ ቢሮ ዞርኩ። ወረቀት ይዞ መዞር ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል፤ ሰው የሚሰጥህን ያህል ዓይኑንም ከአንተ ያሸሻል።

ወደ ዶክተሯ የላከችኝ ያንን ወረቀት ካሳየኋቸው የሥራ ባልደረቦቼ አንዷ ናት። “ገንዘቡን ከማሰባሰብህ በፊት አንዴ እሷ ትያት” አለችኝ። እሷንም እግዚአብሔር ይስጣት።

ወረፋው ረጅም ነበር፤ ለምን እንደረዘመ የገባኝ ከገባን በኋላ ነው። ዶክተሯ እናቴን በግራ ጎኗ አስተኛቻት፤ ያንን ቀዝቃዛ ቅባት መጀመሪያ በመዳፏ አሙቃ ነው የቀባቻት። አርባ ደቂቃ ያህል አየቻት። በማሳያው ላይ ጥቁርና ነጭ ነገር ይርገበገባል፤ እኔ ከዚያ ውስጥ ልብ ይሁን ደመና አልለየሁም። ድንገት እጇን አቆመች። ዓይኗን ከማሳያው አንስታ እናቴን ፊት ለፊት አየቻትና እንዲህ አለች፦ “እማማ፣ ይህን ሻሽ ትንሽ ፈታ ቢያደርጉልኝ?”

እናቴ አንገቷ ላይ እንቅርት አለባት። እኔን ሳትወልድ ጀምሮ የነበረ ነው። ዓመት እስከ ዓመት በሻሽ ጠቅልላ ትይዘዋለች፤ ፎቶ ስትነሳ እንኳን ነጠላዋን አገጯ ድረስ ትስባለች። በዚያ ሁሉ ሐኪም ቤት አንድም ሰው ፍቺው ያላት የለም። እኔም ልጇ ሆኜ አንድም ቀን ከዚህ ነገር ጋር ይያያዛል ብዬ አላሰብኩም። እናቴ ሻሹን ጨብጣ ዝም አለች። ዶክተሯ ወንበሯን ቀረብ አደረገችና፣ “የእኔም አያት አለባቸው። ሕፃን ሆኜ አቅፈው ሲስሙኝ መጀመሪያ ጉንጬን የሚነካው እሱ ነበር” አለቻት። እናቴ ሳቀች። ራሷ ፈታችው።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ሌሊት ይሞቅዎታል? እየበሉ ነው የከሱት ወይስ ምግብ ዘግቶዎት? ሁለቱንም እጇን ወደ ፊት አስዘረጋቻትና ከጠረጴዛው ላይ አንድ ባዶ ወረቀት አንስታ ጣቶቿ ላይ አኖረችው። ወረቀቱ እንደ ባሕር ዛፍ ቅጠል ተርገፈገፈ። ያ የሲኒ መንቀጫቀጭ ጆሮዬ ውስጥ መጣብኝ።

በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። ከአንገታችን ሥር ያለው እጢ ለሰውነት ሁሉ ፍጥነት የሚያዝ ነው። እንቅርት ማለት የዚህ እጢ ማበጥ ነው፤ ለብዙ ዓመት ዝም ብሎ ይቀመጥና አንድ ቀን ሆርሞን ከልክ በላይ ማመንጨት ሊጀምር ይችላል። ያኔ ልብ ቀንም ሌሊትም ትጋልባለች፤ የእናቴ ልብ በደቂቃ 140 ጊዜ፣ ያውም ሳይስተካከል ነበር የምትመታው። “ልባቸው የታዘዘችውን ነው የምትሠራው፤ የተሳሳተው አዛዡ ነው” አለችኝ። “ቫልቩስ?” ስላት በራፉን አሳየችኝ። “በሩ ደህና ነው እንበል። መቃኑ ከሰፋ ግን በሩ አይገጥምም። የእሳቸውም ልብ ተለጥጣ መቃኑ ሰፍቶ ነው እንጂ በሩስ አልተበላሸም።” ከዚህ በላይ ያለው የእነሱ ቋንቋ ነው፤ አልሞክረውም።

ስንት ሰው እንዲህ ይሆናል ብዬ ጠየቅኋት። ልብን ስታይ ልብን ብቻ እንደማታይ ነገረችኝ። የቆየ የደም ግፊት የልብን ግድግዳ ያወፍራል፤ የሳንባ ነቀርሳ በልብ ሽፋን ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፤ የኩላሊት ድካምም እንደዚሁ ያደርጋል፤ የደም ማነስ ልብን ያስሮጣል። ሁሉም ማሳያው ላይ የየራሱን አሻራ ይተዋል አለች። ታዲያ ያ በስልክ መኪና የሚሸጠው ሰው ምኑን ሲያይ ነበር?

በዚያው ቀን ደም ሰጠን፤ ውጤቱ እሷ እንዳለችው ሆነ። መድኃኒት ተጀመረላት። ስሙ እስካሁን አፌ ላይ አልዞር ብሎኛል፤ ማስጠንቀቂያው ግን አይረሳኝም፤ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከተሰማት በዚያው ቀን ይዘናት እንድንመጣ፣ መድኃኒቱ አንዳንድ ጊዜ ነጭ የደም ሕዋስን ስለሚቀንስ። ወደ መውጫው ስንሄድ ዶክተሯ ተነስታ ሻሹን በእጇ መልሳ አሰረችላት። እኔ ያለቀስኩት ያኔ ነው። እናቴ “ክፉ አይንካሽ፣ እጅሽ ይባረክ” እያለች ደረጃውን ወረደች።

“በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ” እያልን እንተርታለን። የእኛ ቤት ተረቱ ተገለበጠ፤ ጆሮ ደግፉን ስናክም ዓመት ሙሉ እንቅርቱን ረስተነው ነበር። እናቴ ያደገችው አዮዲን በሌለው አሞሌ ጨው ነው፤ እንቅርት ደግሞ በአብዛኛው የሚመጣው ከአዮዲን እጥረት ነው። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዘው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ለእሷ ዘግይቶባታል። እናንተ ግን ስትገዙ አዮዲን ያለበት መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብቡ።

የመጀመሪያው ምስል ሲነሳ ልቧ በእያንዳንዱ ምት የምትረጨው በውስጧ ካለው ደም ከ100 እጅ 38ቱን ነው ተብዬ ነበር። እንደ ፈተና ውጤት ቆጥሬው፣ ወደቀች ብዬ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ለካ የጤነኛ ሰውም 60 አካባቢ ነው! ባለፈው ሳምንት 55 ሆነ። እግሯ ጎድሏል፣ ተጋድማ ትተኛለች፣ መቃኑም ጠቦ በሩ ወደ ቦታው ሊመለስ ተቃርቧል። እንቅርቱን ለማስወጣት ከፋሲካ በኋላ ቀጠሮ ተይዟል። በሬዎቹ አልተሸጡም፤ ዘንድሮም አርሰዋል። ያዋጣችሁልኝን ገንዘብ ለእያንዳንዳችሁ እየመለስኩ ነው፤ ያልደረሰው ይጠይቀኝ።

እባካችሁ፣ እናት አባታችሁ እየበሉ ከከሱ፣ ልባቸው ያለ ምክንያት በፍጥነት ከመታ፣ እጃቸው ከተንቀጠቀጠ፣ እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት። “ቫልቭ ነው፣ ውጭ አገር” የተባላችሁም ከመሸጣችሁ በፊት አንዴ ሌላ ሐኪም ይያችሁ። ወደ እሷ ከሄዳችሁ የድሮ ወረቀቶቻችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ በአንድ ታነባለች። በጠዋት ሂዱ፤ አትቸኩልም፣ ስለዚህ ትጠብቃላችሁ።

እናቴ ባለፈው ሳምንት ስትመጣ ለዶክተሯ አንድ ጣሳ ቅቤና ማር ይዛላት ነበር። ዶክተሯ ከታካሚ ስጦታ አልቀበልም ብላ ስትግደረደር እናቴ ሻሿን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች። “እንግዲያው እኔም አልፈታልሽም” አለቻት።