«ቦርሳሽን ዝጊ» ላሉኝ ሐኪም ምስጋና

ይህን የምጽፈው አፍንጫቸውን ተሠርተው ውጤቱ ላልጣማቸው፣ «ድጋሚ ልሠራው ወይስ ልተወው?» እያሉ እንቅልፍ ላጡ እህቶቼና ወንድሞቼ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም አሉ። እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመው! ለማንም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እሳቸውን አማክሩ።

የመጀመሪያውን የተሠራሁት ባሕር ማዶ ነው። ሆቴሉ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ መቀበያው፣ ቀዶ ሕክምናው ሁሉ በአንድ ጥቅል ዋጋ። የቦታውን ስም አልጠራም። ሐኪሙን ያየሁት ከመደንዘዜ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ነበር፤ ፋሻው ሲፈታማ ጭራሽ አልመጣም። ቤቴ ስገባ ጫፉ አብጦ ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል፤ በቀኝ በኩል አየር አልገባ አለኝ። ብጽፍላቸው «በጣም ያምራል» የሚል መልስ ከአበባ ሥዕል ጋር ላኩልኝ። አበባ! «ድሮስ ለምን ተነካካሽ?» የሚሉም አልጠፉም። ሰልካካ አፍንጫ ሲያወድስ የኖረ ሰው፣ ጎባጣዬን ባስተካክል ምን ያስገርመዋል? አፍንጫቸውን ይላሱ።

እዚህ አሜሪካ የማከርኋቸው ባሱ። አንደኛው ቦታ በኮምፒውተር አዲስ አፍንጫ ሠርተው አሳዩኝና «በዚህ ሳምንት ከከፈልሽ ቅናሽ አለ» አሉኝ። ሌላው ቦታ ለአፍንጫዬ መጠገኛ ከጎድኔ ለጋ አጥንት ሊወስዱ ወሰኑ፤ ፊቴን በእጃቸው እንኳ ሳይነኩ። ከተሠራሁ ገና ግማሽ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር።

ዶክተሯ ግን መጀመሪያ ያደረጉት ነገር እጃቸውን መታጠብ ነው። ከዚያ የቀኝ ጉንጬን በጣታቸው ቀስ ብለው ወደ ጎን ሳቡና «አሁንስ?» አሉኝ። አየሩ ሰተት ብሎ ገባ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስሁ። ያንን ሁሉ ወር «ሐሳብሽ ነው» ስባል ኖሬ፣ አንድ ሰው በአንድ ጣት አመነኝ።

ከዚያ ጉዳዩን ለሁለት ከፈሉልኝ። የትንፋሹ ችግር እውነተኛ ነው፤ በራሱ የሚድን አይመስልም። መልኩ ግን ገና አልተፈረደበትም፤ የአፍንጫ ጫፍ እብጠቱ መጨረሻ ላይ የሚወርድ ቦታ ነው፣ እንደ እኔ ቆዳው ወፍራም የሆነ ሰው ላይ ደግሞ ከዓመትም ሊያልፍ ይችላል። ቢያንስ 12 ወር ሳይሞላና ጠባሳው ሳይለሰልስ መቁረጥ ጉዳት አለው አሉኝ። ስለ አፍንጫዬ ውስጠኛ ግድግዳ በሥዕል ያስረዱኝ ብዙ ነው፤ አልገባኝም፤ እኔ የገባኝ እንደማይቸኩሉ ነው። ቀብድ ልክፈል ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት፣ «ልጄ፣ ቦርሳሽን ዝጊ። ዛሬ የሚቆረጥ ነገር የለም» አሉኝ።

ማፈሬንም አይተውብኛል መሰለኝ፣ ከ100 ተሠሪ ከ5 እስከ 15 የሚሆነው ድጋሚ እንደሚሠራ በሙያቸው መጻሕፍት እንደሚጠቀስ ነገሩኝ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት መቆሙን ትቼ በወር አንድ ጊዜ፣ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ ፎቶ እንድነሳ አዘዙኝ። እናቴ ከሁሉ መድኃኒት ይህን ወደደችው።

ዓመቱ ሲያልፍ ጫፉ በአብዛኛው ተስተካከለ። ትንሽ ማዘንበል ቀርታለች። «ለእሷ ስትይ እንደገና መተኛት ትፈልጊያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ፤ አልፈልግም አልሁ። ትንፋሼን ግን ከጆሮዬ ትንሽ ለጋ አጥንት ወስደው አስተካከሉልኝ። ለመተንፈስ ስለሆነ ኢንሹራንሴ አብዛኛውን ከፈለ፤ ለመልክ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ከኪሴ ነበር። ዛሬ አፌን ዘግቼ እተኛለሁ። ዶክተር፣ እጅዎ ይባረክ!

እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ሌላ ቦታ ከመፈረማችሁ በፊት ሂዱላቸው። ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ ስማቸውን በአደባባይ አልጻፍሁም፤ ለሚጠይቀኝ በግል እልካለሁ። ቀጠሮ ቶሎ አይገኝም። ስትሄዱ የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ማስታወሻና ከመሠራታችሁ በፊት የተነሣችሁትን ፎቶ ያዙ፤ ሲገቡ የሚጠይቁት እሱን ነው።