ቀላል ድንኳኔ፣ ነፋስ እና ያቺ የካስማ ከረጢት

ይህን ድንኳን ለወራት ተሸክሜ ከዞርኩ በኋላ የምለው ይህን ነው፦ ነፋስ አይጥለውም። የሚጥለው አብሮት የተሸጠው የካስማ ከረጢት ነው።

ድንኳኑ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ በጀርባ ቦርሳ የሚገባ ዓይነት ነው። ሁለት የአሉሚኒየም ዘንጎች አናቱ ላይ ይሻገራሉ። ውስጡ መረብ ነው። ውጪው ሲሊኮን የተቀባ ባለ15 ዴኒየር ናይለን ነው (ዴኒየር የክር ቅጥነት መለኪያ ነው)። ዝናብ አያስገባም፣ ዚፑ አይነክስም፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ያልበዋል። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ደህና ድንኳን ነው። የምጽፈው ስለ ነፋስ ነው።

ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ ላይ፣ ገላጣ ሸንተረር አጠገብ ያደርኩበት ሌሊት አለ። ማታ ላይ ነፋሱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጨርቁ መጮህ ጀመረ። ዘንጉ ጎበጠና ፊቴ ድረስ መጣ። ተመልሶ ቀጥ አለ። እንደገና ጎበጠ። አሁን ይሰበራል ብዬ እጄን ሰድጄ ደገፍኩት። አልተሰበረም። ይልቅ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው አውታር ረገበ። ትንሽ ቆይቶ ካስማው ተነቀለ፤ በአውታሩ ጫፍ ተንጠልጥሎ ድንኳኑን ይደበድብ ገባ። ስለታም ብረት፣ ስስ ጨርቅ፣ ጨለማ። የግንባር ባትሪዬን አስሬ ወጣሁ። ሌላኛው አውታርም ከማጥበቂያው ውስጥ ተንሸራቶ ግማሹ አልቋል። ትልልቅ ድንጋይ ለቅሜ እላያቸው ላይ ቆለልኩ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

ሲነጋ ጉዳቱን አየሁ። ዘንጎቹ ደህና። ጨርቁ ደህና። ስፌቱ አንድም ቦታ አልተተረተረም። ካስማዎቹ ግን ጎባብጠዋል። አንዷማ እስካሁን የት እንደገባች አይታወቅም።

ነፋስን የምንናገረው በፍጥነቱ ነው፤ ድንኳን የሚሰማው ግን ግፊቱን ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ሲያገኝ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 4 ኪሎ ገደማ ይጫናል። 60 ሲገባ ወደ 17 ኪሎ ይደርሳል። የድንኳኔ ጎን 2 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ ከ30 ኪሎ በላይ ግፊት ማለት ነው። እርግጥ ግድግዳው ዘንበል ያለ ነው፤ ከፍታ ላይም አየሩ ይሳሳል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ይቀንሳል። ግን ነፋስ በአንድ ልክ አይገፋም። ይገፋል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ከሌላ ወገን ይመጣል። ይህን ሁሉ ወደ መሬት የሚያወርዱት ጥቂት ካስማዎች ናቸው። ለእኔ የተሰጡኝ አናታቸው የተቆለመመ ቀጫጭን የቲታኒየም ሽቦዎች ነበሩ። ለስላሳ አፈር ውስጥ በሁለት ጣት ይነቀላሉ። ቆልማማውን አናት ነፋሱ ካዞረው ደግሞ አውታሩ ራሱ ሾልኮ ይወጣል።

እዚህ ላይ ሻጩ ይታየኛል። ፈገግ ብሎ «ይሄ እኮ ባለ3 ወቅት ድንኳን ነው፤ ለወጀብ አይደለም» ይለኛል። እሺ ወንድሜ፣ ባለ3 ወቅት ማለት በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ማለት ነው? ከበረዷማው ክረምት በቀር ለሌሎቹ ወቅቶች ይሆናል ለማለት ነው፤ ስሙ ስለ ወቅት እንጂ ስለ ፍጥነት አያወራም። ነፋስ ክረምትን ጠብቆ ይመጣል ያለህ ማነው?

«በነፋስ ዋሻ የሚፈተኑ ድንኳኖች አሉ» ይለኛል። አሉ፤ በማሽን ነፋስ የሚለቀቅበት መፈተሻ ክፍል ነው፤ ጥሩም ነገር ነው። ዋሻው ውስጥ ግን ጭቃ የለም። ካስማውን ግማሽ መንገድ ላይ የሚያስቆም ድንጋያማ መሬት የለም። እዚያ የሚፈተነው ዘንግና ጨርቅ ነው። እኔ ደግሞ በዘንግና በጨርቅ ቅሬታ የለኝም።

በመጨረሻ የሚመዘው ካርድ ክብደት ነው። «ቅለቱን ግን አየኸው?» አየሁት እንጂ! የሚያናድደኝም እሱ ነው። እንዲህ ዓይነት ድንኳኖች ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ክብደት ይጻፋል። ጎልቶ የሚታየው ትንሹ ነው። እሱ የውጪውን ጨርቅ፣ የውስጡን ክፍልና ዘንጎቹን ብቻ ይቆጥራል። ካስማ የለበትም፣ ትርፍ አውታር የለበትም፣ ከረጢትም የለበትም። ሁሉን የያዘው ቁጥር ከሥር በደቃቃ ፊደል ይቀመጣል። በነፋስ ሌሊት ድንኳኑን ከመሬት ጋር የሚያስተሳስሩት ነገሮች በሙሉ ሚዛን ላይ አልወጡም ማለት ነው።

ሁለተኛው ቁጥር እንዳያብጥ ደግሞ ካስማው ይቀጥናል። ያቺ ሽቦ ወደ 6 ግራም ትመዝናለች። ሦስት ክንፍ ያላት፣ አፈሩን በደንብ የምትይዘው የአሉሚኒየም ካስማ 13 ግራም ገደማ ናት። ስምንቱንም ብንቀይር የሚጨመረው 56 ግራም ነው። ግማሽ ብርጭቆ ውሃ እንኳን አይመዝንም። የእኔ እንቅልፍ የተሸጠው ለዚህ ነው?

ከካስማው ቀጥሎ የምትከሰሰው አውታሩን የምታጠብቀው ትንሿ ፕላስቲክ ናት። ቀላል ድንኳን ላይ የሚታሰረው አውታር 2 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ የሳሳ ነው። ውስጡ ብዙ ጊዜ ዳይኒማ የሚባለው ክር ነው፤ ጥንካሬው ጉድ ያሰኛል፣ ግን በባሕርይው ሙልጭልጭ ነው። ማጥበቂያዋ ጥርስ አላት። ጥርሷ ወፈር ያለ ገመድ ይነክሳል፤ ቀጭኑ ግን ያመልጣታል። በዚህ ላይ ናይለን ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል። ማታ ጥርቅም አድርጋችሁ የወጠራችሁት ጨርቅ ሌሊት ዝናብ ሲነካው ይላላል። ፖሊስተር ቢሆን ይህ ችግር በጣም ይቀንስ ነበር። ጨርቁ ሲላላ ይርገበገባል። ሲርገበገብ አውታሩን እየነጠቀ ይለቀዋል። ማጥበቂያዋ በእያንዳንዱ ንጥቂያ ትንሽ ትንሽ ትለቃለች። ጠዋት «ማታ አጥብቄው አልነበር እንዴ?» የሚያሰኘው ይሄ ነው። አጥብቃችሁታል።

አሁን የማደርገው ይህን ነው። አውታሩን ካጠበቅሁ በኋላ ከማጥበቂያዋ ጀርባ አንድ ተፈቺ ቋጠሮ እጥላለሁ። ጠዋት ጫፉን ሳብ ሲያደርጉት ይፈታል። ነፋስ ይመታቸዋል ብዬ የማስባቸውን አውታሮች ደግሞ ወደ 3 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ ገመድ ቀየርኳቸው። ዝናብ ከጀመረ ከመተኛቴ በፊት ወጥቼ እንደገና እወጥራለሁ። አዎ፣ ይሰለቻል። ሌሊት በዝናብ ወጥቶ ካስማ ከመፈለግ ግን ይሻላል።

አንድ ማንም ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር ልጨምር። የውጪውን ጨርቅ ገልብጣችሁ እዩት። አውታር የሚታሰርባቸው ቦታዎች ጀርባ ላይ ትንንሽ የቬልክሮ ማሰሪያዎች አሉ። እነሱ ዘንጉ ላይ ካልተጠመጠሙ አውታሩ የሚጎትተው ባዶ ጨርቅ ነው። ዘንጉ ብቻውን ይጎብጣል፣ ስፌቱ ብቻውን ይሳባል። ከተጠመጠሙ ግን አውታሩ ዘንጉን ራሱን ይይዘዋል። ልዩነቱን በዓይን ታዩታላችሁ፤ ያ ፊት ላይ የሚመጣ ዘንግ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። የሚያስፈልገው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። መመሪያው ላይ ግን አንድ መስመር አልተጻፈም። ዘንጎቹን በትልልቅ ሥዕል ያሳየ ሰው ይህን ለመጻፍ ቦታ አጣ?

ስለ ዘንጎቹ ግን ክፉ አላወራም። ካርቦን ቢሆኑ ጥቂት ግራም ይቀንሱ ነበር። ካርቦን ግን ከአቅሙ ሲያልፍ ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል። አሉሚኒየም ቀድሞ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ዘንግ ደግሞ ሌሊቱን ያሳልፋል። ያን ሌሊት የእኔዎቹ መሬት ሊስሙ ደርሰው ቀጥ ብለው ተመልሰዋል። ለዚህ አመስግኛለሁ፤ ጮክ ብዬም ነው ያመሰገንኩት።

አሁንም የሻጩ ድምፅ ይሰማኛል፤ «ነፋስ ከፈራህ ጂኦዴሲክ ግዛ» እያለ። ዘንጎቻቸው ብዙ ቦታ ላይ የሚሻገሩት ክብ ድንኳኖች መሆናቸው ነው። ዘ ኖርዝ ፌስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ኦቫል ኢንቴንሽን የተባለውን ካወጣ ወዲህ ተራራ ወጪዎች ይህን ቅርጽ ያውቁታል። ከየትም ቢነፍስ የሚችል ቅርጽ ነው፣ አልክድም። ግን ይከብዳል፤ እኔ ቀኑን ሙሉ የምራመድ ሰው ነኝ። የጠየቅሁት ሌላ ድንኳን ሳይሆን ደህና ካስማ ነው።

ቦታ መምረጥም አለ። የትንበያው ነፋስ የሚለካው ገላጣ ቦታ ላይ፣ ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ዝቅ ባለ ድንኳን ዙሪያ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው የሚነፍሰው። ሸንተረር አናት ላይና በሁለት ጉብታ መሃል ባለ መተላለፊያ ግን ነፋሱ ይጠብና ይፈጥናል፤ ትንበያውን አልፎ ይሄዳል። ገደል ጀርባ መደበቅም ሁልጊዜ አያዋጣም። አናቱን ዞሮ የሚወርደው ነፋስ እዚያ ይሽከረከራል፤ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከላይ ይመታል። ጥርት ባለ ሌሊት ደግሞ የቀዘቀዘ አየር ከቁልቁለቱ ወደ ታች ይፈሳል። ስለዚህ ማታ ያያችሁት አቅጣጫ ሌሊቱን ሙሉ ይቆያል ብላችሁ አትመኑ። እኔ ጠባቡን የእግርጌ ጫፍ ወደ ነፋሱ እሰጣለሁ፣ በሩን በተቃራኒው አደርጋለሁ፣ ግን የአራቱንም ወገን አውታር እተክላለሁ።

መለኪያ መሣሪያ አልይዝም። የቦፎርት መለኪያ ይበቃኛል፤ ዙሪያችሁን በማየት የነፋሱን ልክ የምትገምቱበት ነው። ትልልቅ የዛፍ ቅርንጫፎች ሲወዛወዙ ደረጃ 6 ነው፤ በሰዓት ከ39 እስከ 49 ኪሎ ሜትር። እስከዚያ ድረስ ይህ ድንኳን በአዲሶቹ ካስማዎች ሆኖ ብዙም አያስጨንቀኝም። ቀንበጥ ሲቀነጠስና መራመድ ሲያቅት 8 ገብቷል፤ ከ62 በላይ ነው። ያኔ ወደ ታች እወርዳለሁ። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

መግዛቴ ይቆጨኛል? እንደ ቀኑ ነው። ዳገት ላይ ቦርሳዬ ቀሎኝ ስሄድ ከዚህ የተሻለ ድንኳን የለም እላለሁ። ካስማ ለመግዛት ሁለተኛ ገንዘብ ያወጣሁ ቀን ግን ለሻጩ ያዘጋጀሁትን ንግግር በልቤ ስደግመው ነው የዋልኩት። ዛሬ ሙዴ ደህና ነው፤ ስለዚህ ግዙት እላለሁ። የካስማ ከረጢቱን ግን ሳትፈቱ ለአበባ መደብ ስጡት።

አሁን የቀረችኝ አንዲት ማጥበቂያ ናት፣ እግርጌው ላይ ያለችው። ጥርሷ አልቆ ምንም አትይዝም። ለአምራቹ ጻፍኩ፤ ለብቻዋ አትሸጥም፣ ከውጪው ጨርቅ ጋር ነው አሉኝ። ለአንዲት ፕላስቲክ ሙሉ ጨርቅ! በመቀስ ቆርጬ ጣልኳትና አውታሩን በተንሸራታች ቋጠሮ አሰርኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ክፉኛ ነፍሷል፤ ያ ጫፍ አልላላም።