«ጣትዎን ያስቀምጡ»፦ መሃል አዲስ አበባ የገጠመኝ የባንክ አገልግሎት

ከአገር ቤት ስመለስ ጀርመን ያሉ ጓደኞቼ የሚጠይቁኝ ሁሌ ስለ ዋጋ ነበር። ሥጋ ስንት ገባ፣ የቤት ኪራይ ስንት ደረሰ። ዘንድሮ ጥያቄያቸው ሌላ ነው። «ፋይዳ አወጣሽ? ባንክ ቤት አሻራ ይጠይቃሉ የሚባለው እውነት ነው?» ፋይዳ የሚሉት በአሻራ የሚወጣውን ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ነው። ብዙዎቻችን አገር ቤት የቆየ ሂሳብ አለን። ቤተሰብ የምንረዳውም በዚያው በባንክ ነው። ስለዚህ የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች ስገመግም አብዛኛውን ቦታ ለባንኩ ብሰጥ አይግረማችሁ።

ሌላውን በአጭሩ ልለፈው። ቦሌ ላይ ፓስፖርቱ ቶሎ ተመታ፣ ሻንጣ ግን አስጠበቀን። በስልክ የሚጠራው ታክሲ ምቹ ነው፤ ካርታው ፊቱ ተደቅኖ ሹፌሩ ደውሎ «የት ጋ ነሽ?» ማለቱን ግን እስካሁን አልተወም። ከለገሃር ወደ ብሔራዊ ቴአትር የሚወስደውን የእግረኛ መንገድ ሰፍቶና ጸድቶ አገኘሁት። ማኪያቶው እንደ ድሮው ነው። ዋጋው አይደለም።

አሁን ወደ አሻራው። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ሆኗል። ግዴታውን ያመጣው ብሔራዊ ባንክ ነው። መታወቂያው ራሱ የቆመው በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። እኔ አሁንም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ስለያዝኩ ምዝገባው አላስቸገረኝም።

ምዝገባው በነጻ ነው። አራት የቀኝ ጣት፣ አራት የግራ፣ ከዚያ ሁለቱ አውራ ጣቶች። ቀጥሎ ሁለቱ ዓይኖች፣ በመጨረሻ ፊት። መዝጋቢው ወጣት ትሁት ነበር፤ ሰው ቢበዛበትም አልተነጫነጨም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ስማችሁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይጻፋል። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ከፓስፖርታችሁ በአንድ ፊደል ከተለየ፣ በኋላ ባንክ ቤት ትደክማላችሁ። ስክሪኑን አዙሮ ሲያሳያችሁ ቸኩላችሁ «እሺ» አትበሉ።

የፋይዳ ቁጥሩ እዚያው በእጃችሁ አይሰጣችሁም፣ ይጠበቃል። ሰው በዚህ ሲያማርር ሰምቻለሁ። እኔ ግን በዚህኛው መጠበቅ አልተናደድኩም። በዚያ ጊዜ የእናንተ አሻራና ዓይን ቀድሞ ከተመዘገበው ሰው ሁሉ ጋር ይነጻጸራል፤ በሌላ ስም ተመዝግባችሁ እንደሆነ ይታያል። በቀበሌ መታወቂያ ዘመን አንዱ ሰው እዚህ አበበ፣ እዚያ ከበደ ሆኖ ሁለት ሂሳብ መክፈት ይችል ነበር። ያጭበረበሩትን ገንዘብ በሐሰተኛ ስም በተከፈተ ሂሳብ አስገብተው የሚሰወሩትን የሚያስቸግራቸው ይሄ ማጣሪያ ነው። የባንኩ መስኮት ላይ የተቀመጠችው ትንሽ የአሻራ ማንበቢያ ዕቃ ሥራ ከዚህ በጣም ይቀላል። እሷ የምትመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ ሰው ያ የተመዘገበው ሰው ነው ወይስ አይደለም?

የሄድኩበት ቅርንጫፍ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ነው። ሰንጋ ተራ ዛሬ የባንክ ሰፈር ሆኗል። ቀና ስትሉ 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ ይታያችኋል። ተፈትሼ ገባሁ፣ የወረፋ ቁጥር ይዤ ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ ኦፊሰሯ ካርዴ ላይ ያለውን ባለ 16 አሃዝ ቁጥር አስገብታ «ጣትዎን ያስቀምጡ» አለችኝ። አመልካች ጣቴን አስቀመጥኩ። ብልጭ አለ። ፎቶዬ ስክሪኗ ላይ ወጣ፣ ስሜና የልደት ቀኔ በየቦታው ተሞላ። አለቀ።

ድሮ እኮ ሁለት ጉርድ ፎቶ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የፊርማ ናሙና ነበር። ከዓመታት በኋላ ስትመለሱ ደግሞ ፊርማችሁን ከናሙናው ጋር እያስተያየ ቅንድቡን የሚያነሳ ሠራተኛ ይገጥማችኋል። ጀርመን የመኖሪያ ፈቃዴ ቺፕ ውስጥ ሁለት የጣት አሻራዬ አለ። እዚያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲያ ነው። ባንኬ ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ሂሳብ ስከፍት ፓስፖርቴን በቪዲዮ እያገላበጥኩ አሳየሁ፤ ያ ካልሆነ ፖስታ ቤት ሄዶ መሰለፍ ነው። በዚህ በዚህ የአዲስ አበባው በልጧል። እኔ ብቻ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ እዚህ ላይ አቆም ነበር።

አክስቴን ይዤ ሄድኩ። የቆየ ሂሳቧን ከፋይዳዋ ጋር ለማገናኘት ነው። ዕድሜዋ ከሰባ አልፏል። ዕድሜ ልኳን ጥጥ ፈትላለች፣ እንጀራ ጋግራለች፣ ልብስ በእጇ አጥባለች። የጣቷ ጫፍ ሙልጭ ብሏል። አመልካች ጣቷን አስቀመጠች። ቀይ በራ። ደገመች። አሁንም ቀይ። «እማማ፣ ትንሽ ጫን ያድርጉት።» ጫን ስታደርገው ባሰ፤ ቆዳው ሲጨፈለቅ መስመሮቹ ይደፈጠጣሉ። ቀጥሎ «እጅዎን ታጥበው ይምጡ» ተባለች። የጥር ደረቅ ብርድ ላይ ሳሙና ተጨምሮበት ቆዳዋ ይብስ ደረቀ። ከኋላችን የተቀመጠች ሴት ከቦርሳዋ ቅባት አውጥታ ሰጠችን። የግራ አውራ ጣቷ ሊያልፍ ምንም አልቀረው ነበር፤ አላለፈም። አክስቴ ሳቀች። «ሰፈሩ በሙሉ ያውቀኛል። ይሄ ዕቃ ብቻ ነው ያላወቀኝ።»

እስከዚህ ድረስ ባንኩን አልወቅስም። ማሽኑ ሥዕልን ከሥዕል ጋር አይደለም የሚያስተያየው። በጣታችን ላይ ያሉት መስመሮች የት እንደሚያልቁ፣ የት መንታ እንደሚሆኑ ነጥብ በነጥብ ይለቅማል። ዕድሜና የጉልበት ሥራ መስመሮቹን ሲያለሰልሷቸው የሚለቀመው ነጥብ ያንሳል። ያን ጊዜ ማሽኑ ላይ «ይበቃኛል» የሚለውን ልክ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ልኩ ሲላላ ባዕድ ሰው ያልፋል፣ ሲጠብቅ ደግሞ ባለቤቷ ደጅ ትቀራለች። በየትም አገር ያለ ችግር ነው።

የወቀስኩት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ኦፊሰሯ፣ እሷም ደክሟት፣ «በቃ በኮድ እናድርገው» አለች። ኮዱ የሚላከው በምዝገባ ጊዜ ወደተሰጠው ስልክ ነው። አክስቴ ያስመዘገበችው የልጇን ስልክ ነበር፣ እሱ ደግሞ የሚኖረው ሐዋሳ ነው። ደወልንለት። ኮዱን አነበበልን፣ እኔ ተቀብዬ ለኦፊሰሯ ነገርኳት፣ እሷ አስገባችው፣ አረንጓዴ በራ። ሁሉም ደስ አለው። እኔ ግን ዓይኔ ግድግዳው ላይ ቀረ። ከኦፊሰሯ ጀርባ ትልቅ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ የሚስጥር ኮድዎን ለማንም አይንገሩ!

አሥር ጣትና ሁለት ዓይን ሰጥታ የተመዘገበች ሴት፣ በስተመጨረሻ ማንነቷ የተረጋገጠው ሐዋሳ ላይ ካለ ስልክ በተነበቡ ቁጥሮች ነው። ልጇ ጨዋ ነው፣ አልጠራጠረውም። ነገር ግን የአክስቴን ቁጥርና ያንን ስልክ የያዘ ማንኛውም ሰው አንዲት አሮጊት ይዞ መጥቶ «ጣቷ አይነበብም» ቢል፣ የሚቀረው ኮዱን ማንበብ ነው። ሌባ ቁልፉን ትቶ በመስኮት ነው የሚገባው። በስልክ የሚያጭበረብሩትም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው፣ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩኝ።» ባንኩ ራሱ መስኮቱ ላይ ኮድ በስልክ እያስነበበ፣ ሽማግሌዎቹን ቤታቸው ሲገቡ «ለማንም እንዳታነቡ» ቢላቸው ማን ይሰማዋል?

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አክስቴ ስትመዘገብ ፊቷም ዓይኗም ተነስቷል። ጣት እምቢ ሲል ወደ ኮድ ከመዝለል በፊት ፊትን ማስተያየት ይቻላል። ህንዶች በአድሃር መታወቂያቸው ከአሥሩ ጣት የትኛው በደንብ እንደሚነበብ ቀድመው የሚለዩበት አሠራር አላቸው፤ ባለጉዳዩ ከዚያ በኋላ በዚያ ጣት ይጠቀማል። አክስቴ ጋ የቱ እንደሚሻል የነገራት የለም። ያ ሁሉ ካልሆነ ደግሞ አሮጌው መንገድ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በውል ላይ ያደረገው የጣት ምልክት፣ ሥልጣን ያለው አዋዋይ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው አያስገድደውም ይላል። የዚያን ጊዜ ሕግ አውጪ ጣት ብቻውን እንደማይበቃ፣ አጠገቡ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው እንደሚያስፈልግ ገብቶታል። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ወጥቶ፣ ፎቶዋን አይቶ፣ ጠይቋት፣ በስሙ ቢፈርም ኖሮ ከኮዱ የበለጠ አምነው ነበር። ቢሮው በሩ ክፍት ነበር፣ እሱም ውስጥ ነበር።

ደግሞ አሻራ የማይነካው ማጭበርበር አለ። ሰው ተታሎ በገዛ እጁ ገንዘብ ከላከ፣ ጣቱም የራሱ ነው፣ ሂሳቡም የራሱ ነው፤ ማሽኑ ምን ይበል? በመጋቢት 2016 የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰው ከሂሳቡ በላይ ገንዘብ ሲያወጣ ያደረ ጊዜም እንዲሁ ነው። ባንኩ «ወጣ» ያለው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ያወጡት በራሳቸው ስም ነው። ማንነታቸው መታወቁ የጠቀመው በኋላ፣ ገንዘቡን ለማስመለስ ነው፤ ያልመለሱት ስምና ፎቶ አደባባይ ወጣ።

ኦፊሰሯን «አሻራዬ እናንተ ጋ ይቀመጣል?» ብዬ ጠየቅኳት። «እኛ ጋ አይቀመጥም እህቴ፣ ይላካል፣ ‹ነው› ወይም ‹አይደለም› ተብሎ ይመለሳል» አለችኝ። ሳትሸማቀቅ፣ ሳትቆጣ መመለሷን ወደድኩላት። ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ህንድ ውስጥ ከመሬት ሰነድ ላይ የተገለበጠ አሻራ በሲሊኮን ተሠርቶ የሰው ገንዘብ ወጥቶበታል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፣ ጣት አይቀየርም። እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ባንኮቹ ግን አሻራውን ምን እንደሚያደርጉት በአንዲት ገጽ ጽፈው መስኮቱ ላይ ቢለጥፉ ኦፊሰሮቹም ከመመላለስ ይድኑ ነበር።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ፣ ለወጣት ከአምስት አምስት፣ ለአረጋዊ ከአምስት ሁለት። ሁለቱም ለኦፊሰሯ ትዕግሥትና ቅባት ላዋሰችን ሴት ነው።

ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ መጀመሪያ ፋይዳቸው ላይ የተመዘገበው ስልክ የማን እንደሆነ ጠይቁ። የሌላ ሰው ከሆነ ወደ ባንክ ከመሄዳችሁ በፊት አስቀይሩት፤ አክስቴን ያስቀየርናት በማግስቱ ነው። ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት እጃቸውን ቅባት ይቀቡና ደረቅ አድርገው ይጥረጉት። ቅዳሜም ባንክ ይሠራል፤ የደሞዝ ሰሞን ከሆነ ግን አትሞክሩት።