የማቅለሚያ ውሃን በፀሐይ ለማጥራት የትኛው ይሻላል፦ ካይቶሳን፣ አልጂኔት ወይስ ሴሉሎስ?

ባህር ዳርም ሁኑ ደብረ ማርቆስ ወይ ዳንግላ፣ ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም (ከክሩ ጋር በኬሚካል በሚያያዘው) የምታቀልሙ ከሆነ የምትደፉት ውሃ ቀለም ብቻ አይደለም፣ ጨው አለበት፣ ሶዳ አሽ አለበት፣ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው፣ 7 መካከለኛ ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ) 10 እና 11 ይደርሳል። ፎቶካታሊስት (በብርሃን ኃይል ቀለም የሚሰባብር ነገር) ሲያስተዋውቁ ግን ብዙ ጊዜ ንፁህ ውሃ ላይ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ጠብ አድርገው ነው የሚያሳዩት። እኔ የማወዳድረው በኛው ጨዋማ ውሃ ነው።

ሦስቱም ላይ ዋናው ሠራተኛ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባል ዱቄት ነው፣ ዩቪ (ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረር) ሲያርፍበት ቀለሙን የሚሰባብር ራዲካል፣ ማለትም ያገኘውን የሚያጠቃ ቅንጣት፣ ይፈጥራል። ፖሊመሩ፣ ማለትም ካይቶሳኑ፣ አልጂኔቱ ወይ ሴሉሎሱ፣ ዱቄቱን ይዞ እንዲያቆይ ነው የሚገባው፣ ምክንያቱም ዱቄቱን ብቻውን ከበተናችሁት መልሶ ከውሃ መልቀም መከራ ነው።

አልጂኔት ከባህር አረም ነው የሚወጣው፣ ለመሥራት ከሁሉም ይቀላል፣ ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ስታንጠባጥቡት እዚያው ኳስ ኳስ ይሆናል፣ ደስ ይላል፣ ግን ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ ሲገባ ሶዲየሙ ካልሲየሙን ያስወጣዋል፣ ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል፣ በመጨረሻ ዱቄቱን ለቆ ይበታተናል። ለሪአክቲቭ ማቅለሚያ አልመክርም፣ በቃ።

ካይቶሳን (ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ነው፣ ጣና ውስጥ አትፈልጉት) ሪአክቲቭ ቀለምን ራሱ ይስባል፣ ቀለሙ ኔጌቲቭ እሱ ፖዘቲቭ ስለሆነ። ችግሩ ፖዘቲቭነቱ ፒኤቹ ከ6 ተኩል ገደማ ሲያልፍ ይጠፋል፣ አሲድ ሲበዛ ደግሞ ይሟሟል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን በአሲድ ወደ 6 አካባቢ ማውረድ፣ ካይቶሳኑንም ክሮስሊንክ የተደረገውን (እንዳይሟሟ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ የተቆላለፉትን) መግዛት የግድ ነው። ሴሉሎስ ጨውም ሶዳም ብዙ አያሳስበውም፣ ቀለም በመሳብ ግን ሰነፍ ነው፣ ዱቄቱም በደንብ ካልተያያዘ ይራገፋል። ፒኤች መቆጣጠር የሚችል ሰው ካላችሁ ካይቶሳን፣ ከሌላችሁ ሴሉሎስ። ያው ሁለቱም ዘላለማዊ አይደሉም፣ ራዲካሉ ቀለሙን ሲበላ ፖሊመሩንም ቀስ እያለ ይበላዋል።

ፀሐዩን በተመለከተ፣ ከፀሐይ ብርሃን ዩቪው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ደጋ ላይ መሆናችን ትንሽ ይረዳል፣ ክረምት ሰማዩ ሲደፈን ግን ሥራው ይጎተታል። ጥቁር የመሰለ ውሃ ላይም ብርሃኑ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ አስቀድሞ በአሉሚኒየም ሰልፌት አዝቅጡት፣ ፎቶካታሊስቱ የቀረችውን ቀለም ይጨርስ።

የፋግታ ለኮማ ወረዳ (አዊ) የዲከረንስ ዛፍ ከሰል እያለ ምን አስጨነቀን የሚል አይጠፋም። ተራ ከሰል እኮ አክቲቬትድ ካርቦን አይደለም፣ በእንፋሎት ወይ በኬሚካል ቀዳዳዎቹ ካልተከፈቱ የሚይዘው ጥቂት ነው፣ የያዘውንም ቀለም አያጠፋውም፣ ከሰሉን የት እንደምትጥሉት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት።

ስትገዙ ሁለት ነገር፦ ከቀለም ቤት የሚሸጠውን ነጭ ታይታኒየም እንዳትገዙ፣ እሱ የግድግዳ ቀለሙን እንዳይበላ ተብሎ ብዙውን ጊዜ በሲሊካና በአሉሚና የተሸፈነ ነው፣ ለፎቶካታሊስት የሚሆነውን፣ አናቴዝ ወይ ፒ25 የሚባለውን ዓይነት ጠይቁ። ሻጩንም በራሳችሁ ውሃ ጨለማ ውስጥ ለአንድ ሰዓት አስቀምጦ እንዲያሳያችሁ አድርጉ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ያውጣው፣ ጨለማው ውስጥ ቀለሙ ከጠፋ ፖሊመሩ መጠጠው እንጂ ብርሃኑ ምንም አልሠራም ማለት ነው።