ሴሊካ በደብረ ብርሃን፦ ሞተሩ ሰላም፣ ቆርቆሮው ጣጣ

ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። ያገለገለ ቶዮታ ሴሊካ ገዝቶ ደብረ ብርሃን ላይ መኖር ይቻላል። ሞተሩ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ቆርቆሮው፣ ማለትም የውጭ አካሏ ነው። ከዚህ የተረፈው ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ ግን ብር ስለሚበላ እንነጋገርበት።

የኔዋ ሰባተኛው ሞዴል ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2006 የተመረተችው፣ አፍንጫዋ ሾል ያለው፣ ባለ ሁለት በሯ። በሁለት ዓይነት ሞተር ነው የምትመጣው። አንዱ 1ዜድዜድ የሚባለው ነው፤ 1.8 ሊትር ሆኖ 140 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ሌላው 2ዜድዜድ ደግሞ ያው 1.8 ሆኖ ወደ 190 ይጠጋል፣ ማርሹም ስድስት ነው። ደላላ ሁሉ አፉን ሞልቶ የሚያወራላችሁ ስለ ሁለተኛው ነው። አትስሙት። እኛ አገር የሚያዋጣው የመጀመሪያው ነው፤ ምክንያቱም ኮሮላ 1.8 ላይ፣ አቬንሲስ ላይ፣ ራቭ4 1.8 ላይ ያለው ሞተር ራሱ ነው። አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ሄዳችሁ "የሴሊካ" ካላችሁ ወይ "የለም" ትባላላችሁ ወይ ዋጋው ይሰቀልባችኋል። "የኮሮላ 1.8" በሉ፤ ካንዴላውም፣ ፊልትሮውም፣ የውሃ ፓምፑም ይመጣል። የደብረ ብርሃን መካኒክም እጁ ለምዶታል። የኔው ሰውዬ ኮፈኑን ከፍቶ ትንሽ አየት አደረገና "ወንድሜ፣ ይሄማ ኮሮላ እኮ ነው፣ ኮት ለብሶ ነው የመጣው" ብሎ ሳቀ።

ሌላ ደስ የሚለው፣ የታይሚንግ ቺንጋ የለውም፤ ካቴና ነው። በየጊዜው ቺንጋ ቀይሩ የሚል ወጪ የለም።

አንድ የታወቀ በሽታ ግን አለው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት 1ዜድዜድ ዘይት ይበላል። ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለነበሩ ይደፈናሉ፣ የፒስተን ፋሻው ይያዛል፣ ከዚያ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። በኋላ ተስተካክሏል፤ በፈረንጅ ከ2003 ወዲህ የተመረተ ካገኛችሁ እሱን ያዙ። ሻጩ "ዘይት ጠብ አይልም" ሲላችሁ አትከራከሩ፣ ቁልፉን ብቻ ተቀበሉ። ረጅም ቁልቁለት ፈልጉ፣ በሁለተኛ ማርሽ እግራችሁን ከቤንዚኑ አንስታችሁ ውረዱ፣ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ደህና አድርጋችሁ ርገጡና በመስታወቱ ወደ ኋላ እዩ። ሰማያዊ ጭስ ቦግ ካለ አመስግናችሁ ወደ ቤታችሁ። ለዚህ ፈተና የሰሜን ሸዋን ያህል የተመቸ አገር የለም፤ ቁልቁለት ሞልቶናል።

ግዢው ላይ ሌላው ማወቅ ያለባችሁ፣ ከውጭ አዲስ የምትገባ ሴሊካ እንደማትኖር ነው። በኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ቆመ። ስለዚህ የምትገዙት እዚሁ አገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የኖረችውን ነው። ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ራሳችሁ ጎንበስ ብላችሁ ከመኪናዋ ጋር አስተያዩ። እግድና የባንክ ዕዳ እንደሌለባት ሳታጣሩ ቀብድ አትክፈሉ። ከዳሽቦርዱ ሥር ደግሞ በባትሪ እዩ፤ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረ ከሆነ ብየዳውና የተቀጣጠለው ሽቦ ይታያል። እንደዚያ ያለችውን በነፃ ቢሰጧችሁም ይቅርባችሁ።

አሁን ወደ አነዳዱ። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ይጥላል። ማለትም 140 ተብሎ የተገዛው ፈረስ እኛ ጋ 105 ቢሆን ነው። ስለዚህ ከመናኸሪያው ወጥቼ አከንፋታለሁ ያለ ሰው ያዝናል። ከሚኒባስ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ይሄዳል፤ ሚኒባሱ የሚያልፈውም ጊዜ አለ፣ ያውም እየሳቀ።

ግን ሰላም በሆነ ቀን በጣርማ በር በኩል ወደ ታች ውሰዷት። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣሊያን በፈረንጅ በ1930ዎቹ የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ስትገቡ የማርሚታዋ ድምፅ ግድግዳውን እየመታ ይመለሳል፣ ልጅ ያደርጋል። ከዋሻው እንደወጣችሁ ጉም ነው፤ መንገዱ ዳር የተቀመጡት ጭላዳዎች እንኳ የሚታዩት አጠገባቸው ስትደርሱ ነው። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ጥምዝምዙ ይጀመራል። እዚህ ላይ ነው ሴሊካ የምትገባችሁ። መኪናዋ ቀላል ናት፣ መሪዋ ያዘዛችሁትን ወዲያው ትሰማለች፣ ኩርባው ላይ አትንጋለልም። ፍሬን ግን አትመኑ። በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ያዟት፤ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫችሁ ውስጥ ከገባ ዘግይታችኋል። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ወርዷል፣ ሙቀቱ ፊት ይመታል፣ ሞተሩ ደግሞ የጣለውን ጉልበት ግማሽ ያህሉን መልሶ አግኝቷል። ሜዳው ላይ ስትረግጧት ሌላ መኪና ናት። መኪናዬ የምትኖረው ደብረ ብርሃን፣ የምትሮጠው ሸዋ ሮቢት ነው እላለሁ።

ነዳጅ አትጎዳም፤ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ገደማ። ማደያ ላይ ሰልፉን ግን ስፖርት መኪናም አያሳጥረውም።

ከመሬት ዝቅ ማለቷም ሌላ ችግር ነው። ብሬከር ሁሉ ጠላቷ ነው። ቀጥ ብላችሁ ከወጣችሁ ሆዷ ይፋጫል፤ ሰያፍ፣ አንድ ጎማ አንድ ጎማ እያሉ ማለፍ ነው። ኮብልስቶኑ ቀስ ካሉ ይቻላል። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ መንዝ ገጠር እገባለሁ ለሚል ሰው ግን ምንም አልመክርም፣ ሌላ መኪና ይግዛ። ባለ 15 ቸርኬዋን ፈልጉ። ጎማዋ 195/60 ስለሆነ ኮሮላም የሚያደርገው ነው፤ 195/65 ከገጠማችሁ ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። አንድ ሴንቲ ምን አላት አትበሉ፣ የብሬከር ጫፍ ላይ ታውቁታላችሁ።

ወደ ቆርቆሮው ልመለስ። አንድ ባጃጅ ዞር ሲል የፊት ፓራውርቴን በግራ በኩል ገጨውና መብራቱንም ሰነጠቀው። ልጁ ይቅርታ ጠየቀ፣ ምስኪን ነው፣ ምን ልበለው። ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። ሶማሌ ተራ ሄድኩ፣ የለም። "አምጡልኝ" ያልኩት ደላላ ሁሉ "ነገ" ይላል። መጨረሻ ላይ ፕላስቲክ የሚበይድ ልጅ ከውስጥ በኩል በጋለ ሽቦ ሰፋው፣ ስቱኮ ቀባው፣ ቀለም ነፋው። ከሩቅ ፏ ያለ ነው። ቀረብ ብላችሁ እጃችሁን ካሳለፋችሁበት ስፌቱ ይቆጠራል። መብራቱ ደግሞ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ውስጡ ውሃ ያዝላል፣ ማታ ላይ ግራው መንገድ ደብዛዛ ነው። በሯም፣ መስታወቷም፣ የኋላ መብራቷም ያው ነው፤ ከኮሮላ የሚበደር ነገር የለም። ስለዚህ ስትገዙ በሞተር ጤንነት አንድ እርምጃ ተደራደሩ፣ በአካሏ ግን አትደራደሩ። ያልተነካች ካልሆነች እለፏት።

የመስኮቶቿ መስታወት ዙሪያውን ፍሬም የለውም። ጎማው ካረጀ ነፋስ ያስገባል፤ የኅዳርና የታኅሣሥን የደብረ ብርሃን ቁር ለምታውቁ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጋቢ መኪናው ውስጥ አስቀምጣለሁ።

የኋላው ወንበር ለልጅ ነው። እናቴ ፊት ተቀምጣ እንኳ "ልጄ፣ መግባቱንስ ገባሁ፣ ስወርድ ማን ያነሳኛል?" ብላኛለች። ኋላው ግን የሚገርም ነው፤ በሩ እስከ ጣሪያ ወደ ላይ ይከፈታል፣ ወንበሩም ይታጠፋል። ለፋሲካ የመንዝ በግ ጭኜበት አውቃለሁ። ሽታው እስከ ዳግማይ ትንሣኤ አልወጣም፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ሽያጩን በተመለከተ፣ እኛ ጋ መኪና ቁጠባ ነው። ቪትዝ ስትገዙ ብራችሁን አስቀምጣችኋል፤ ነገ ፈላጊዋ ብዙ ነው። ሴሊካ እንደዚያ አይደለችም። የሚያደንቃት ብዙ፣ የሚገዛት ጥቂት ነው። ቤተሰብ ያለው ሰው ሁለት በር አይፈልግም፣ ለሥራ አትሆንም፣ ለራይድ አትሆንም። ብር በቸኮላችሁ ቀን ሸጣችሁ አትደርሱም። ሁለተኛ መኪና ለሚፈልግ፣ ቤቱ አስፋልት ዳር ለሆነና ቁልቁለት ለሚወድ ሰው ግን አሪፍ ናት። ከአምስት አራት እሰጣታለሁ፤ አንዷን የቀነስኩት በመለዋወጫው ነው።

በነገራችን ላይ፣ የግራ የፊት መብራት፣ ያልተሰነጠቀ፣ ያለው ሰው ካለ ዋጋውን ይንገረኝ።