ፊኛ ያለው ወይስ የሌለው? የሕፃናት የመተንፈሻ ቱቦ ምርጫ በማደንዘዣ ወቅት

ፊኛው በቱቦው ጫፍ አካባቢ በአየር ተነፍቶ በቱቦውና በመተንፈሻ ቧንቧው መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋ ትንሽ ከረጢት ነው። ማደንዘዣ ለሚሰጠው የ4 ዓመት ልጅ፣ ዕድሜውን ለ4 አካፍሎ 4 በመደመር የሚገኘው ፊኛ የሌለው ቱቦ ውስጣዊ ስፋት 5 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ፊኛ ላለው የሚደመረው 3.5 በመሆኑ መጠኑ ወደ 4.5 ዝቅ ይላል። ቀመሩ መነሻ ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሚሊሜትር የሚያንስና የሚበልጥ ቱቦ ከአጠገብ መዘጋጀት አለበት።

ፊኛ የሌለውን ልክ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ሲቀጥን አየሩ በጎኑ ያመልጣል፣ ሲወፍር ደግሞ የማይለጠጠውን የክሪኮይድ ቀለበት (ከድምፅ አውታሮች በታች ያለውን የቅርጭጭት ቀለበት) ውስጠኛ ሽፋን ተጭኖ ያሳብጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ እስከ 5 ዓመት የሆናቸው 2,246 ሕፃናት የተካተቱበት የአውሮፓ ጥናት እንዳሳየው፣ ቱቦ መቀየር ያስፈለገው ፊኛ የሌለው ከገባላቸው 30.8 በመቶ ለሚሆኑት፣ ፊኛ ያለው ከገባላቸው ግን ለ2.1 በመቶ ብቻ ነበር፤ ቱቦው ከወጣ በኋላ ሲተነፍሱ የሚሰማው የሲርታ ድምፅ ግን በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር።

በእኔ እምነት ይህ ልዩነት ሚዛኑን ወደ ፊኛው ያጋድለዋል። ሆኖም የፊኛው ግፊት በጣት ዳሰሳ ሳይሆን በመለኪያ እየታየ ከ20 ሴንቲሜትር ውሃ (የግፊት መለኪያ አሃድ) እንዳይበልጥ መጠበቅ የግድ ነው፤ በተለይ ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው የማደንዘዣ ጋዝ ሲሰጥ ጋዙ ወደ ፊኛው እየሰረገ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል። ከ3 ኪሎ በታች ለሚመዝኑ ጨቅላዎች ግን ፊኛ ያለው ቀጭን ቱቦ ለአየር ስለሚጠብና በአክታ ቶሎ ስለሚደፈን፣ ፊኛ የሌለው ዛሬም ተመራጭ ሊሆን ይችላል።