የጣሪያና ግድግዳ ግብር በደሴና ኮምቦልቻ፦ ከሜትሩ እስከ ቦዩ ሲገመገም

ፍርዱን ከፊት እናድርገው። አዲሱ የንብረት ታክስ እንደ ዋጋ ሲታይ ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በሚወራው ልክ አያስደነግጥም። ከፋዩ የሚጎዳው ቤቱ ተለክቶ ደረጃ ሲሰጠው፣ ኋላም ብሩ የት ቦይ፣ የት መንገድ ላይ እንደዋለ መጠየቂያ ሲያጣ ነው። ለዋጋው አራት ኮከብ፣ ለልኬታው ሁለት፣ ለበጀት ውይይቱ ሁለት ተኩል ሰጥተናል። ግማሿ ኮከብ ለመሞከሩ ናት።

«ጣሪያና ግድግዳ» ስንለው የኖርነው ክፍያ መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነበር። ግብሩ የሚሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ያስገባል ተብሎ ከተገመተው ኪራይ ሲሆን ምጣኔው ከ1 እስከ 4.5 በመቶ ነበር፤ ለቦታው ደግሞ በካሬ ሜትር ኪራይ ይከፈል ነበር። የኪራይ ግምቱ ስላረጀ፣ ዛሬ በሚሊዮን የሚጠራ አንዳንድ ነባር ቤት በዓመት ሲከፍል የቆየው ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ አይዘልም። አዋጅ ቁጥር 1365/2017 ስሌቱን ከኪራይ አንስቶ ወደ ንብረቱ ዋጋ አዛወረው። ለመሬት መጠቀሚያ መብት ከ0.2 እስከ 1 በመቶ፣ ለሕንጻ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ አስቀምጧል፤ በመካከሉ ቁርጡን የሚወስነው የክልሉ ሕግ ነው። ምጣኔው የሚያርፈውም በሙሉው ዋጋ ላይ ሳይሆን በ25 በመቶው ላይ ነው። በቡና መሀል በሚደረገው ክርክር ሁልጊዜ የምትረሳው ይህች 25 ናት።

በምሳሌ እንየው። ቤቱ 4 ሚሊዮን፣ የቦታው መብት 2 ሚሊዮን ብር ተገመተ እንበል። 25 በመቶው ለቤቱ 1 ሚሊዮን፣ ለቦታው 500,000 ይሆናል። በዝቅተኛው ምጣኔ ለቤቱ 1,000፣ ለቦታውም 1,000፤ ድምሩ በዓመት 2,000 ብር። በከፍተኛው ለቤቱ 10,000፣ ለቦታው 5,000፤ ድምሩ 15,000። ቤቱ ያው፣ ግምቱም ያው፤ ክፍያው ግን ሰባት እጥፍ ተኩል ተራራቀ። 15,000 ብር በወር ሲካፈል 1,250 ነው። ለነጋዴ ምንም ላይሆን ይችላል፤ በጡረታ አበል ለሚኖር አባወራ ግን ቤቱ ሚሊዮን ያውጣ እንጂ ሳይሸጥ እንጀራ አይሆንም። የነዋሪው ስጋት እውነት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው፦ ታክሱ የሚሰላው ከቤት ዋጋ፣ የሚከፈለው ከወር ገቢ። ስብሰባ ላይ «ታክሱ በዛ» ብሎ ከመቀመጥ «ለመኖሪያ ቤት ምጣኔው ስንት ላይ ይቁም?» ብሎ ቁጥር መጥራት የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ልኬታው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሜትሩ ከየት ይጀምራል የሚለው ነው። ውስጡ 8 በ10 ሜትር የሆነ ቤት 80 ካሬ ነው። ግድግዳው ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ሆኖ በውጭ ከተለካ 8.40 በ10.40 ይመጣል፤ ማለትም 87.36 ካሬ። ልስኑ ሳይቆጠር ዘጠኝ በመቶ ጨመረ። በውጭ መለካት በራሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የአንዱ ቤት በውስጥ፣ የጎረቤቱ በውጭ ሲመዘገብ ነው፤ ሁለት ለኪ በሁለት ቀን ሲመጣ ደግሞ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። በሦስት ጎኑ ክፍት የሆነ በረንዳ እንደ ክፍል መቆጠሩን፣ ከግድግዳ አልፎ የወጣ ቆርቆሮ ካሬ ውስጥ መግባቱን፣ የፈረሰ ማድቤት ፋይሉ ላይ ቆሞ መቅረቱን ማየት ያስፈልጋል። የመጨረሻው ቀልድ ቢመስልም ለሌለ ቤት የሚከፍል ሰው አይጠፋም።

ከካሬው ይልቅ ብር የሚያስከፍለው ግን ደረጃው ነው። በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ በሲሚንቶ የተለሰነ ቤት ቀለም ሲቀባ ከመንገድ ሆኖ ለሚያየው ብሎኬት ነው። ለኪው ወደ ግቢ ካልዘለቀ «ብሎኬት» ብሎ ይጽፍና ይሄዳል፤ የካሬው ነጠላ ዋጋም አብሮ ይዘላል። ልስኑ በመስኮት ጎን ወይም በመሠረቱ አካባቢ ተሰንጥቆ ጭቃና ጭዱ የታየበትን ቦታ ፎቶ አንስቶ መያዝ ከአሥር ገጽ አቤቱታ ይበልጣል። የቤቱ ዕድሜም ይጠየቅ። ግምቱ የተሠራው በመልሶ መገንቢያ ዋጋ፣ ማለትም ያንኑ ቤት ዛሬ እንደገና ለመሥራት በሚፈጀው ወጪ ከሆነ የእርጅና ቅናሽ ሊያዝለት ይገባል፤ የአርባ ዓመት ቤት እንደ አምና ቤት አይገመትም።

ደሴ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ከተማዋ የጦሳ ወገብ ላይ የተቀመጠች ናትና ብዙ ቤት ከላይ በኩል ሲያዩት ባለ አንድ ወለል፣ ከታች በኩል ሲያዩት ጂ ፕላስ ዋን ይመስላል። የታችኛው ግማሹ አፈር ውስጥ የገባ የዕቃ ማስቀመጫ ከሆነ እንደ መኖሪያ ወለል ሊያዝ አይገባም። ደጋፊ ግንቡም አለ። ባለቤቱ ጥርሱን ነክሶ ያሠራዋል፤ ካላሠራው ክረምት ላይ ቁልቁለቱ ቤቱን ይዞት ይወርዳል። አዋጁ ግምቱ በገበያ ዋጋም በመልሶ መገንቢያ ዋጋም እንዲሠራ ስለሚፈቅድ፣ በሁለተኛው ከተሄደ ድንጋዩና ሲሚንቶው ተቆጥሮ ግምቱን ይሰቅለዋል። ገበያው ግን ለግንብ አይከፍልም፤ ገዢ እንዲያውም «ተዳፋት ነው» ብሎ ይቀንሳል። ስለዚህ የግምት ወረቀቱ እጅ ሲገባ ከድምሩ በፊት መፈለግ ያለበት ቃል የትኛው ዘዴ እንደተወሰደ የሚናገረው ነው።

ወደ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ሲወርዱ ኮምቦልቻ ላይ ጉዳዩ መልኩን ይቀይራል። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ጭቅጭቁ በአገልግሎት ዓይነት ላይ ይሆናል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ተመርቆ፣ ደረቅ ወደቡም ተጨምሮበት፣ በየግቢው ለሠራተኛ የሚከራይ ተርታ ክፍል በዝቷል። እዚህ ሁለት ነገር ይምታታል። አንደኛው፣ አጥር ላይ የተከፈተች 12 ካሬ ሱቅ ግቢውን በሙሉ «ንግድ» ታሰኘዋለች፤ ሱቋና መኖሪያው በካሬ ተለያይተው እንዲመዘገቡ መጠየቅ ነው መፍትሔው። ሁለተኛው፣ የኪራይ ገቢ ግብር በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሠንጠረዥ «ለ» ከንብረት ታክሱ ተለይቶ ለብቻው የሚከፈል ነው። አንዱን የከፈለ ሌላውን ከፈለ አይባልም፤ ደረሰኙም ለየቅል ነው።

የክፍያ መስኮቱ ላይ ብዙ የሚባል የለም። በባንክም ይሁን በቴሌብር፣ ከብሩ መጠን በፊት የፋይል ቁጥሩ ይታይ። ቀበሌዎች ሲዋሃዱ የቤት ቁጥር የተለወጠበት፣ ፋይሉ በሟች አባት ስም የቆየበት ቤት ብዙ ነው፤ ብሩ የሌላ ሰው ፋይል ላይ ቢገባ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ስም ሊዛወር ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ማረጋገጫ) ሲጠየቅ፣ ወለድና ቅጣቱ ከተደመረ በኋላ ነው። የየዓመቱን ደረሰኝ ከካርታው ኮፒ ጋር በአንድ ፌስታል ማኖር ይበቃል።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ለአቤቱታው ነው። ለኪ ከመምጣቱ በፊት ቤቱን በሜትር ለክቶ፣ ንድፉን በእጅ ነድፎ፣ አራቱንም ጎን ፎቶ አንስቶ የያዘ ሰው ሲከራከር አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ የካርታ ቁጥር፣ በግምቱ ላይ የተጻፈው ካሬ፣ በልኬት የተገኘው ካሬ፣ የተሰጠው ደረጃ፣ ትክክለኛው ደረጃ፣ የሚጠየቀው እርማት። ማመልከቻ ጸሐፊዎች የቤተሰብ ታሪክ መጨመር ይወዳሉ፤ እሱን ማስቀረት ነው። ድህነትን መሠረት ያደረገ የማቅለል ጥያቄ ካለ በሌላ ወረቀት ይቅረብ፤ ከልኬታ ስህተት ጋር ከተደባለቀ ሁለቱም ይሰናከላሉ። የቀረበበት ቀንና ማመልከቻው የተመዘገበበት የገቢ ደብዳቤ መዝገብ ቁጥር በከፋዩ ኮፒ ላይ ይጻፍ። የአቤቱታ ጊዜው አጭር ስለሆነ «መቼ ሰጠህ?» የሚለው ጥያቄ ከካሬው ቀድሞ ይመጣል።

በምትኩ ምን ይሰጠናል? ከተማ ሁለት ኪስ አላት። ትምህርት፣ ጤናና ደመወዝ በአብዛኛው ከክልሉ በሚመጣው ድጎማና በመደበኛው ግብር ይሸፈናል። የማዘጋጃ ቤት ገቢ የሚባለው፣ የቤትና የቦታ ክፍያው፣ ሊዙ፣ የአገልግሎት ክፍያው፣ ለመንገድ፣ ለቦይ፣ ለቆሻሻ፣ ለመንገድ መብራት ነው የሚውለው። ስለዚህ ቤት ያለው ሰው ስለ ቦይ ሲጠይቅ የራሱን ብር እየጠየቀ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ደሴ ላይ ዝናቡም ሐምሌ ላይ ይጠነክራል። በአዲሱ በጀት የተያዘ የቦይ ጠረጋ ታዲያ ግዥው ተጠናቆ ሠራተኛ እስኪሰማራ ክረምቱ አልፎ ይሆናል። ደለል የሞላው ቦይ ሐምሌ ላይ ሞልቶ ኮብልስቶኑን ከሥሩ ይቦረቡረዋል፤ ድንጋዩ ደህና ሆኖ ሳለ ከሥሩ ያለው አሸዋ ታጥቦ ይሰረጉዳል። የጠረጋ ብር መያዝ ያለበት ባለፈው ዓመት በጀት ውስጥ፣ ለሚያዝያና ለግንቦት ነው። ዋጋውም ከአዲስ ንጣፍ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ግን ጠረጋ አይመረቅም፣ ሪባን አይቆረጥለትም።

በቅድመ በጀት ውይይት ላይ የሚታደለው ወረቀት ካፒታል (ለግንባታ) እና መደበኛ (ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ) ብሎ ይለያል። «ጥገና» የሚለው መደብ ለብቻው ካልወጣ ደመወዝ መሀል ተደብቋል ማለት ነውና ይነጠልልን ማለት ይገባል። የዘንድሮ ዕቅድ ብቻውን አይረዳም፤ የአምናው በጀትና በሥራ ላይ የዋለው ጎን ለጎን ይጠየቅ። ለሦስት ዓመት የሚዘጋጀው የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ውስጥ የሌለ ሥራ አዳራሽ ውስጥ ቃል ስለተገባለት አይሠራም። «ሰፈራችን ተረሳ» የሚለው ንግግር ይጨበጨብለታል እንጂ ቃለ ጉባኤ ላይ አይሰፍርም። የሚሰፍረው ከየት እስከ የት፣ ስንት ሜትር ቦይ፣ በየትኛው ወር ይጠረጋል፣ በየትኛው የሒሳብ መደብ ተይዟል የሚለው ነው፤ በጽሑፍ አንድ ቅጂ ለጸሐፊው፣ ሌላው ማኅተም ተመትቶበት ወደ ፌስታሉ።